ድምፅ የሌላት ማብሪያ

ሙያዬ ጨርቅ መሸጥ ሆኖ ሳለ ካቻቪት ይዤ የቤቴን ግድግዳ የፈታሁ ቂል ነኝ። ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ባለቤቴ ከጀመረችው አታቆምም።

ነገሩ የመጣው ከዓረብ አገር ነው። ታናሽ እህቴ ስትመለስ ለሌላው ሽቶና ምንጣፍ፣ ለእኔ በስልክ የሚበራ አምፖል አመጣችልኝ። ነገር መነካካት እንደምወድ ታውቃለች። ወልዲያ ያለችው ሳሎናችን ውስጥ ሰቀልኩት። ስልኬን ነካ ሳደርግ ይበራል፣ ደግሜ ስነካ ይደበዝዛል፤ አንዴ የመርሳ ማንጎ ይመስላል፣ አንዴ ክረምት ላይ እንደሚታይ ሩቅ ተራራ ሰማያዊ ይሆናል። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ፀሐይ የማወጣና የማጠልቅ ሰው ሆንኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ችግሩ አባቴ ነበሩ። ግራና ገጠር ሲያርሱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም እኛ ጋ ገቡ። እኛ ቤት ሲመሽ መብራት የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። መግሪብ ሰግደው ይነሱና ግድግዳውን በእጃቸው ዳብሰው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ማብሪያዋን ቋ ያደርጓታል። ከዚያ ዞር ብለው፣ ቀኑን ሙሉ አብረውን እንዳልዋሉ፣ ገና አሁን ከመንገድ እንደገባ ሰው፣ "እንዴት አመሻችሁ" ይሉናል። እኛም ያለንበት ሆነን "አልሃምዱሊላህ፣ እንዴት አመሹ" እንላለን። መብራት ሲበራ ሰላም መባባል የኩራዝ ጊዜ ልማድ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላጓደሉትም። ውጭው ቢጨልምም እኛ ቤት የሚመሸው እሳቸው ሲሉ ነበር።

አምፖሉ ደግሞ ስልኬን እንዲሰማ ኤሌክትሪክ ሊለየው አይገባም። ግድግዳው ላይ ከተጠፋ በቃ፣ ደንቆሮ ነው። አባቴ ሊተኙ ሲሉ ቋ አድርገው ያጠፉታል፤ እኔ በማግስቱ ስልኬን ስደበድብ እገኛለሁ። በመጨረሻ ማብሪያዋን ነቅዬ ሌላ ልተካ ተነሳሁ። መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፋሁ መስሎኝ ያጠፋሁት የማድቤቱን ኖሮ፣ ሽቦውን ስነካ ትከሻዬ ብቻውን ተነስቶ ጨፈረ። ወሎዬ ነኝና ባለቤቴ እስክስታ የመታሁ መስሏት አጨበጨበችልኝ።

እንደምንም ሁለቱን ሽቦ ገጥሜ በናስትሮ ጠቀለልኩና፣ ቀዳዳው ላይ ከአምፖሉ ጋር የመጣችውን ነጭ ማብሪያ ለጠፍኩ። እሷ ከሽቦው ጋር አትገናኝም፤ ትንሽ ባትሪ አላት፣ አምፖሉን ከሩቅ ታዘዋለች። አንዴ ሲጫኗት ይበራል፣ ደግመው ሲጫኗት ይጠፋል። ስልኬም አባቴም ተስማሙ ብዬ እጄን አራገፍኩ።

ድምፅ ግን የላትም። አምፖሉም ሲታዘዝ ትንሽ ያንገራግራል። አባቴ ቢስሚላህ ብለው ይጫናሉ፤ ቋ የሚል ነገር የለም። አልሠራችም ብለው ቶሎ ይደግሟታል፤ የበራው ይጠፋል። ሦስተኛ ይጫናሉ። ቤታችን በራ፣ ጠፋ፣ በራ ሳይል የማይመሽ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት አመሻችሁ" የሚመጣው፣ እሱም በኩርፊያ።

"ድምፅ የሌለውን ነገር አላምንም" አሉኝ አንድ ቀን። "ሰው እንኳ ሰላም ሲሉት ይመልሳል።"

የድሮዋን እንድመልስላቸው ለመኑኝ። እሺ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ጦርነቱ ወልዲያ ደጃፍ ደረሰ።

ልጆቹን ይዘን እንውጣ ሲባል አባቴ አልነቃነቅ አሉ። ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ጉልበቴም መንገድ አይወድም አሉ። ለመንኳቸው፣ ባለቤቴ አለቀሰች፣ አልሆነም። አጥር የምንጋራቸው ባልና ሚስትም እንደማይሄዱ ነገሩንና፣ እኛ አለን፣ እናያቸዋለን አሉን። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ከደጃፍ የመለሰኝ የለም፤ እኔም መመለስ ነበረብኝ ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ ፀሐይዋ ገባች። የእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሽላ ከመንገዱ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ያነሳዋል። ስልኬን ከፈትኩ። የሳሎናችን አምፖል፣ ኢንተርኔት እስካለ፣ የትም ብሆን ስልኬ ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ሲበራ ቢጫ፣ ሲጠፋ ነጭ። እያየሁት በራ። ጠፋ። በራ። አባቴ መግሪብ ሰግደው ተነስተዋል ማለት ነው። ለባለቤቴ አሳየኋት፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ እንዴት አመሹ አልን፤ ተሳፋሪው ለስልክ ሰላም የሚል ባልና ሚስት አየ። ውርጌሳ ስንደርስ ክቡ ግራጫ ሆነ። ግራጫ ማለት አምፖሉ አልተገኘም ማለት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወልዲያ መብራትም ስልክም አልነበራትም። ደሴ ተቀመጥን፤ ደሴም ሲጨንቃት ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን፣ አንድ ክፍል ተከራየን። በግራና በኩል በእግር የወጡ ሰዎች ወሬ ያመጣሉ። አንዱ መስጊድ በር ላይ አየኋቸው ይላል፤ ሌላው የእናንተ ሰፈር ሰው የለበትም ይላል። አባቴ ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ በየምሽቱ ግራጫውን ክብ አየው ነበር። ሰው ምን ታያለህ ሲለኝ ሳሎኔን እለዋለሁ፤ እየቀለድክ ነው ይለኛል፤ አለመቀለዴን ለራሴም አልነገርኩትም። ብዙ ሳየው ግራጫነቱ እንደ ኩሬ ውሃ ይጠራል። ከሥሩ ሶፋው ይታየኛል፣ የአባቴ መስገጃ ታጥፎ ወንበሩ ጀርባ ላይ፣ የዝናብ ውሃ ቆርቆሮው ላይ። አንድ እጅ ግድግዳውን ሲዳብስ ይሰማኛል። ይዳብሳል፣ ይዳብሳል፣ እኔ የነቀልኳትን ነገር ይፈልጋል። ያኔ ስልኩን ደፍቼ እቀልዳለሁ፤ ልጆቹ ይስቁልኛል። ደጎች ናቸው።

አንድ ምሽት፣ ወልዲያ መብራትና ኔትወርክ መጣ የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን፣ የአባቴ ስልክ ግን አሁንም ዝግ እንደሆነ፣ ክቡ ቢጫ ሆነ።

ባለቤቴ መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች። ይህ አምፖል ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ ይበራል፤ እሷም ታውቃለች።

"መብራት መጥቷል ማለት ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሌላ ምንም ማለት አይደለም።"

ልክ ነች። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ማወቂያው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አጠፋሁት። ክቡ ነጭ ሆነ።

ጠበቅን። ደብረ ብርሃን ብርዷ በበሩ ሥር ይገባል። ወልዲያ አሁን ሳሎኑ ጨልሟል፤ ያጨለምኩት እኔ ነኝ፣ እዚህ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ። ሰው ካለ ይነሳል። ጉልበቱ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ አይነሳም። ግድግዳው ጋ ለመድረስ ጠረጴዛውን መዞር አለበት። በሐሳቤ ጠረጴዛውን ዞርኩላቸው።

በራ።

ይህን የማንም እጅ ያደርገዋል፤ ቤታችን የገባ የማንም እንግዳ።

ጠፋ።

በራ።

ባለቤቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"እንዴት አመሹ፣ አባዬ" አለች።

መንገዱ ተከፍቶ ስንመለስ አባቴ ያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ከስተው፣ ጢማቸው ረዝሞ። ትንሿ ስልካቸው ባትሪዋ አብጦ ከሞተች ከርማለች። የጎረቤቶቻችን ሹሮ ነው ያቆየኝ አሉ። ጨለማ ሆኖ ሳለ በየምሽቱ ማብሪያዋን ይጫኗት እንደነበር ጎረቤታችን ነገረችኝ፤ ሰላምታውንም ለባዶው ቤት ይሉት ነበር አለች። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል፣ በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ቀልድ ሁሉ ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልጠፋቸውም።

"ስንት ወር ጨለማ ተቀምጬ መብራት አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ገና ሳልጠግበው ድርግም አለብኝ" አሉ። "ያኔ አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ በሕይወት አለ አልኩ። እንዲህ የሚያበሳጨኝ ሌላ ሰው የለኝም። በል አሁን ያቺን ቋ የምትለዋን መልስልኝ።"