ሰብሊ የተረጎመችው ምስጋና

ሰብሊ ቅናተኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊትም እላታለሁ። ከሲኤምሲ ጀርባ፣ በእርዳታ በሚተዳደረው ትምህርት ቤታችን፣ እሷ አንደኛ ክፍልን እኔ ሁለተኛን እናስተምራለን። የሚለየን ስስ የቺፕውድ ግድግዳ ስለሆነ ስትቆጣም ስትዘምርም እሰማታለሁ። ዓመቱ አልቆ ልጆቿ ወደ እኔ ክፍል ሲያልፉ፣ ልጅ የቀማኋት ይመስል ታኮርፈኛለች።

ዘንድሮ ግን ቅናቷ ሌላ ሰው አገኘ። በበጎ ፈቃድ ሊያገለግሉ ከውጭ አገር የመጡ ወጣቶች ለሁለት ሳምንት እኛ ጋ ሰነበቱ። ግድግዳ ቀቡ፣ ከልጆቹ ጋር ኳስ ተጫወቱ። ከመካከላቸው ሄዘር የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰብሊ ክፍል ተመደበች። ልጆቹ ውለው ሳያድሩ "ቲቸር" አሏት። ሰብሊ ለዚህ ስም ኮሌጅ ገብታ ስንት ዓመት ተምራለች።

የባሰባት ግን የሊባን ነገር ነው። ሊባን መስከረም ላይ ሲመጣ ለማንም አፉን አይከፍትም ነበር። ሰብሊ ምሳዋን አጠገቡ እየበላች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ እየመለሰች፣ በስንት ልመና ከገና በኋላ አናገራት። አሁን ያ ልጅ ዳቦውን ከፍሎ ለሄዘር ያስቀምጣል። እንግዳ ሲሰነብት ይሰለቻል ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ።

"ይቺ መች ትሰነብታለች? ሳትሰለች ነው የምትሄደው" አለችኝ።

በመሸኛው ቀን ሄዘር ልጆቹን ልትሰናበት ቆመች፤ አስተርጓሚዋ ሰብሊ ነበረች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሄዘር በእንግሊዝኛ፣ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ባላት ነገር አመስግና እንደማታውቅ፣ እነዚህን ልጆች ስታይ ግን እንደ እነሱ ባለመሆኗ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆነች እንደገባት ተናገረች። ታለቅስ ነበር፤ ከልቧ ነው።

ሰብሊ የሄዘርን ንግግር ቃል በቃል ብትተረጉመው የልጆቹ ፍቅር እዚያው ይበርዳል፤ ሊባንም ይመለስላታል። እሷም ይህን እንዳሰበች ፊቷ ላይ አየሁ። ሊባን ከፊት ተቀምጦ አፏን አፏን ያያል።

"ቲቸር ሄዘር በእናንተ ቀናች" አለች በመጨረሻ። "እናንተ ያላችሁ ነገር እኔ የለኝም ነው የምትለው።"

ልጆቹ ተነስተው ሄዘር ላይ ተጠመጠሙ። ሰብሊ ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ የምትጽፈው ግን አልነበራትም። ሊባን ሄዘርን ትቶ መጣና የሰብሊን ቀሚስ ጎተተ።

"ቲቸር፣ አትቅኚ በያት። እዚህ ትቅርና አንቺን እናካፍላታለን።"

ሄዘር እንባዋን እየጠረገች ልጁ ምን እንዳለ ጠየቀች። ሰብሊ የሊባንን እጅ ያዘች።

"መልካም መንገድ ይልሻል" አለቻት በእንግሊዝኛ። ሌላውን ለማንም አላካፈለችም።