ዛጎል ያለበት ጭልፋ

በእጁ እየበላ ያረጀ ሰው ከንጹሕ ብር የተሠራ የፈረንጅ ሹካና ማንኪያ ሲሰበስብ ያየ፣ ወይ ገንዘብ ተርፎታል ወይ ልቡን ስቷል ይላል። እኔ ገንዘብ አልተረፈኝም። ዕቃውን የምወደው እኔ፣ የምታውቀው ግን ባለቤቴ ነበረች። እኔ መነጽሬን ሰክቼ የንጹሕ ብር ምልክት የሆነችውን ትንሽ አንበሳ ከጀርባው ስፈልግ፣ እሷ እጀታውን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ "ተወው፣ ቅብ ነው" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፈች። ለቅሶው ላይ ዕቃ ያጠራቸው የእድራችን ሴቶች የብር ዕቃዎቼን ሣጥን ከፍተው አስተናገዱበት። ድንኳኑ ሲነሳ፣ እሷ የምትወደው እጀታው ላይ ዛጎል የተቀረጸበት ጭልፋ ከእድሩ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ሄደ። የእድሩን ዕቃ ቤት ጠባቂ ስጠይቃት፣ "አባባ፣ ዕቃው ዛሬ እታች ለቅሶ ቤት ወጥቷል" አለችኝ።

ሟቹን አላውቀውም። ጭልፋ ፍለጋ ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወጥ የምትጨምረዋን ሴት እጅ እጇን ሳይ፣ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ፣ "ጋሼ፣ ከሟች ጋር በምን ትዛመዳላችሁ?" አሉኝ። "በጭልፋ" ልል ምንም አልቀረኝም።

ሴትየዋ ደረሰችና በዚያው በዛጎሉ ጭልፋ ምስር ወጥ ጨለፈችልኝ። እጀታው የእድሩን መለያ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በባለቤቴ ለቅሶ እንቢ ያለኝ እንባ እዚያ ወረደ።

"አይዞዎት አባባ፣ ምን ያህል ቢቀርቡት ነው!" አለች።

የሟች ልጅ ተነስቶ አንገቴን አቅፎ አብሮኝ አለቀሰ። እንዲህ ታቅፎ "ጭልፋዬን መልሱልኝ" እንዴት ይባላል?