አያርፌና የካርቦኑ ሒሳብ

ሰፈሩ ባሌን «አያርፌ» ይለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ሰውየው ቁጭ ማለት አያውቅም። ምሳ እየበላ እንኳ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። «ኧረ አንተ ሰው፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» እለዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። ሦስት ባለሙያዎችን ሩቅ ወዳለው ቅርንጫፍ ያደርስና በዚያው ቀን ባዶውን ይመለሳል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሊያመጣቸው ይሄዳል። እዚያ መጠበቅ ሞቱ ነው። ድሮ አንዴ እዚያው ሲጠብቃቸው እናቱ ታመው፣ ሳይደርስላቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ውጭ አድሮ አያውቅም።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። መኪናም ይሁን አውሮፕላን፣ የሚያወጣው የካርቦን ጭስ ያነሰው ይመረጥ ተባለ። ሒሳቡን የምትሠራው ልጅ መኪናው በደርሶ መልስ የሚያወጣውን ለሦስት ሰው አካፈለችና «በመኪና ይሻላል» አለች። አውሮፕላኑ ቢያሸንፍ መኪናው ይሸጥ፣ ባሌም በር ጠባቂ ይሆን ነበር። እሱን በር ላይ ማስቀመጥ! ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ባዶዬን የምነዳውን አልቆጠረችም። እኔ እኮ መንገዱን አራቴ ነው የምነዳው።»

«ታዲያ ዝም በላ! ማን ጠየቀህ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሌላ ሰው ከሚያጋልጠኝ ራሴ ልንገራት።»

ጠዋት ሄዶ ተናገረ። አፉ አላርፍ ብሎት! ልጅቷ እንደገና ብታሰላው አውሮፕላኑ አሸነፈ።

«ጋሼ» አለችው፣ «ሦስቱንም ቀን እዚያው ጠብቀው ይዘዋቸው ከተመለሱ ግን መኪናው ያሸንፋል።»

አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ጊዜ ደውሏል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ! ሰው ምን ይልሃል፣ አረፍ በል!»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።»

ምን ሽንኩርት አለ! ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ጥሎኝ፣ ሐኪም ቤት ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ከአልጋ አልወረድኩም። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እህቴ «ንገሪው እንጂ!» እያለች ትቆጣኛለች። ብነግረው ሰዎቹን እዚያው ጥሎ፣ ባዶ መኪና እየነዳ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በር ላይ ነው። ባልነግረውና ቢብስብኝስ? ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ፣ ጉሮሮዬን እየጠራረግኩ ዘጠነኛውን እጠብቃለሁ።