መጨረሻ ላይ ትሞሉታላችሁ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይማራል፣ ከዚያ ያስተምራል። እኔ ላፕቶፕን ያስተማርኩት ሳልማረው ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር፣ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ እስኪቆም ድረስ።

ያረጀሁት መርሳ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው። ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኦንላይን ይሰጣል ተባለና ለትምህርት ቤታችን ላፕቶፕ መጣ። የመጣው ዕቃ ከነካርቶኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደርድሮ ሰነበተ። አንድ መምህር ወልድያ ሄዶ ሦስት ቀን ሠልጥኖ እስኪመለስ ማንም እንዳይነካው ተባለ።

ማን ይሂድ በሚለው ስብሰባ ላይ ሁሉም የሚያስበው ስለ አንድ ሰው ነበር። ወጣት የሒሳብ መምህር ነው፤ የሁላችንም ስልክ ሲበላሽ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ርእሰ መምህሩ ስሙን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ልጁ ብድግ አለና፣ «ጋሼ እያሉማ እኔ አልቀድምም» አለ። አስተዳደጉ ነው። ታላቅ ባለበት ታናሽ በር እንኳ አይቀድምም። እኔ ደግሞ «አይ ልጄ፣ ይህ የእናንተ ነው» ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። ሆዴ ይህን እያሰበ አፌ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አለ። ልቤ የተነሣው ለሥልጠናው አልነበረም፤ ሦስት ቀን ጠመኔ ሳልነካ ወልድያ ላይ ሽር ብትን ለማለት ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ ገባሁ። የሥልጠናውን አዳራሽ በር ስከፍት አሠልጣኙ ሮጦ መጣና ትከሻዬን ሳመ። ለካ ያስተማርኩት ልጅ ነው! በክፍሉ ፊት፣ «ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጠኝ። የጠፋሁት ያኔ ነው።

«የተሰጣችሁን ስምና የይለፍ ቃል አስገቡ» ይላል አሠልጣኙ። በአንድ ጣቴ ፊደል ፍለጋ እጀምራለሁ፤ ዶሮ ጥሬ ስትፈልግ እንደምትጭረው። ገና ሁለተኛውን ፊደል ሳላገኝ እሱ አጠገቤ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ አንቱ አይድከሙ። እኔ ላስገባልዎት።»

ጠቅ ጠቅ ያደርገውና ይከፈታል። «እግዜር ይባርክህ» እላለሁ። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ ሆነ። የእኔ ላፕቶፕ ከሁሉም ቀድሞ ይጨርሳል። ከኋላዬ የነበሩት ሠልጣኞች «እኒህ ሽማግሌ ጉድ ናቸው!» ሲሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ደግ ነበር፤ ጢሜን ዳሰስኩ። አሠልጣኙ ስለ ፈተናው ሰዓት ሲያስረዳ ደግሞ ከሐራ ለመጣው መምህር ቀልድ እነግረው ነበር። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዱም ቃል ትዝ አይለኝም።

የምስክር ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ። ርእሰ መምህሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችንና መምህራኑን በአንድ ላይ ሰበሰበልኝ። ላፕቶፖቹን የከፈቷቸው የሒሳቡ መምህርና ስልክ የለመዱ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «ጎሽ» እያልኩ አለፍኩ። ከዚያ ማስረዳት መጣ። የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የማውቀውን አወጣሁ።

በወረቀት ፈተና የነበረውን ደንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪ መልሱን መጀመሪያ በጥያቄው ወረቀት ላይ ይሠራል፣ ያረጋግጣል፣ የመልስ ወረቀቱን የሚያጠቁረው በመጨረሻ ነው። ደወል ሲደወል ደግሞ ልመና አለ። «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ! በእናትዎ!» ይላሉ። ፈታኝም የሰው ልጅ ነውና፣ ወረቀት የሚሰበስበው ከወዲያኛው ጥግ ጀምሮ በቀስታ ነው። ይህን ሁሉ ሳላጎድል ወደ ላፕቶፑ አዛወርኩት።

«ስሙ! መልሳችሁን መጀመሪያ በባዶ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። አንድ፣ ቢ። ሁለት፣ ዲ። እንዲህ እያላችሁ። አረጋግጡ። መጨረሻ ላይ ትሞሉታላችሁ። ላፕቶፕ አንዴ የነካችሁትን አይመልስም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣኋት ፈጣሪ ይወቅ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ከሐራ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። መርሳ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤቷ እያመጣች ትማራለች። ስልክ የላትም። እናቷ ታማ ተኝታለች፤ ቤት ውስጥ እጅ ጎድሏል። አባቷ የሚያስተምሯት በአንድ ውል ነው፤ ውጤቷ ከወረደ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ጎበዝ ተማሪዬ ስለሆነች ስለ እሷ የማላውቀው አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሳንሞላው ሰዓቱ ካለቀስ?»

«ሰዓት ሲያልቅ ደወል አለ።»

«ደወሉን የሚደውለው ሰው ነው ወይስ ላፕቶፑ ራሱ ይዘጋል?»

መልሱን አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ሳለ ከአፌ አልወጣ አለ። በምትኩ የወጣው ይህ ነው፦

«አንቺ ልጅ፣ ላፕቶፑን ልታገቢው ነው እንዴ፣ ጠባዩን እንዲህ የምታጠኚው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ተቀመጠች፤ ደብተሯ ላይም ጻፈች። በአጠገቧ ሳልፍ አነበብኩት፦ «መጨረሻ ላይ መሙላት»። ከኋላ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር እጁን ከፍ አደረገ፣ ሽበቴን አየ፣ መልሶ አወረደው።

ከዋናው በፊት በላፕቶፕ የሚሰጠው የሙከራ ፈተና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ምክሬን ገና ከበሩ ሲገቡ ረስተውታል፤ ጥያቄውን አንብበው መልሱን እዚያው ይነካሉ፣ ያልፋሉ። አለመስማታቸው አናደደኝ። እሷ ግን ወረቀቷን በመስመር ከፍላ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ መልሷን ትደረድራለች። በአጠገቧ ሳልፍ ደረቴን ነፋሁ። «ተማሪ እንዲህ ነው» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሁሉ ልጅ የታዘዘችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ወረቀቷን ጨርሳ፣ አረጋግጣ፣ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ስትጀምር ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ማውሱን የምትይዘው እንደ እንቁላል ነው፤ እንዳትሰብረው። ስድስት መልስ እንደሞላች ሰዓቱ አለቀና ገጹ በራሱ ተዘጋ።

«ቲቸር! ጠፋብኝ! አንድ ደቂቃ ይጨምሩልኝ!»

ሮጥኩ። እዚህም እዚያም ነካካሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ደቂቃ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ለማን ልለምን? ይህን ስል ርእሰ መምህሩ ደረሰ።

«ምን ሆነች ጋሼ?»

ልጅቱ ቀና ብላ እያየችኝ ነው። እኔም ርእሰ መምህሩን እያየሁ፣ «ሳስረዳ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ሌላ ሰው አላለውም። እሷ በጽሕፈት የሞላችውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደችና ቅርጫት ውስጥ ጥላው ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ወላጆች ተጠሩ። ውጤት ሲነበብ የእሷ ከሁሉም ያነሰ ሆነ። አባቷ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ረጅም፣ ዝግተኛ ሰው ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ ሞክራለች፤ አላህ ያላለው አይሆንም። እናቷም ታማለች። ዛሬ ይዣት እገባለሁ።»

እሷ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ርእሰ መምህሩ «ያሳዝናል፣ ጎበዝ ነበረች» አለ። ነበረች አለ፤ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። ሌላ ሰው እንዲናገር ጠበቅኩ። የሒሳቡ መምህር ወደ እኔ ያያል እንጂ አይናገርም። አባቷ ወደ በሩ ዞሩ።

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ላፕቶፕ የሚባል ነገር አላውቅም።»

ቤቱ ሳቀ። ምን ይፈረድባቸዋል? በስብሰባ ላይ በተነሣሁ ቁጥር ስቀው ነው የሚሸኙኝ። «ጋሼ ደግሞ ጀመሩ!» አለ አንዱ። «ወልድያ ላይ አንደኛ የወጡት ማን ሆነው ነው?» አለ ሌላው።

አባቷ ግን አልሳቁም። ተመልሰው መጡና፣ «መምህር፣ ልጄን ሊያተርፉልኝ ብለው ነው። አላህ ይስጥልኝ» አሉ። «ግን በዚህ ሽበት ውሸት አይመችዎትም።»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቼ ታምኛለሁ። እውነት ተናግሬ ውሸታም የተባልኩት ያን ቀን ነው። ቀልደኛ መሆን እንዲህ ያለ ዕዳ እንዳለው ማን ነገረኝ?

«ላፕቶፕ አምጡ» አልኩ።

አመጡልኝ። በወላጆቹ ሁሉ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩና ተማሪዎቹ የሚገቡበትን ስምና የይለፍ ቃል ለማስገባት ጀመርኩ። አንድ ፊደል አገኘሁ። ሁለተኛውን ስፈልግ የመጀመሪያው ስምንት ጊዜ ተደርድሮ አየሁት። ላጠፋ ብዬ ሁሉንም አጠፋሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፤ የማስመስል መስሏቸው። ቆይተው ላቤን አዩ። ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየቆመ ሄደ። ርእሰ መምህሩ አላስችል ብሎት ተነሣ።

«ጋሼ፣ እኔ ላስገባልዎት…»

«ተቀመጥ!» አልኩት። «እዚህ ያደረሳችሁኝ በዚሁ ነው።»

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ተሳስተሃል አለኝ፣ በቀይ። አባቷ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ገጹን አዩ፣ ጣቶቼን አዩ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡም ጠየቁኝ።

«እንግዲያ ምን ሊያስተምሯት ነው የቆሙት?»

 አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

የሒሳቡ መምህር ይህን ጊዜ ተናገረ። ልጅቱ ያን ቀን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃ እንደነበረ፣ እሱም እያወቀ ዝም እንዳለ ተናገረ። አባቷ ልጃቸውን ዞረው አዩ።

«ጠይቀሽ ነበር?»

«ጠይቄ ነበር፣ አባ።»

«ምን አሉሽ?»

እሷ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። ያን ቀልድ በአባቷ ፊት ልትደግመው አልፈለገችም። ለእኔ ስትል ይሁን ለራሷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ትቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ፈተናው ትቆይ። ግን ከሚያውቅ ሰው ትማር።»

ከዚያ በኋላ ያስተማረው የሒሳቡ መምህር ነው። እኔም በመጨረሻው ወንበር ከወንዶቹ ልጆች መካከል ተቀምጬ ተማርኩ። መልስ መቶ ጊዜ መቀየር እንደሚቻል፣ የነኩት ሁሉ ወዲያው እንደሚመዘገብ ያኔ አወቅሁ። ከጎኔ ያለው ልጅ «ቲቸር፣ ይኼንንም አያውቁም ነበር?» ይለኛል። እሷ ከፊት ተቀምጣለች። ወደ ኋላ ዞራ አታውቅም። ባገኘኋት ቁጥር ይቅርታ ልጠይቃት እነሣና፣ ሰው አለ፣ ነገ ይሻላል፣ ከፈተና በፊት ሐሳቧን አልበትን እያልኩ እተወዋለሁ። አባቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ርእሰ መምህሩን ጠይቄያለሁ፣ የወላጅ ኮሚቴውን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። እሷን ብቻ አልጠየቅኩም።

ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ የመሄጃቸው ቀን ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። በእኛ አገር ለፈተና የሚሄድ ልጅ ታላቆቹን ይሰናበታል፤ ክርስቲያኑ «ይቅር በሉኝ» ይላል፣ እስላሙ «አፉ በሉኝ»። እሷም መምህራኑን አንድ በአንድ እየዞረች መጣችና ፊቴ ቆመች፤ ዝቅ ብላ።

«ቲቸር፣ አስቸግሬዎት ከሆነ አፉ በሉኝ።»

የእኔን ቃል ነው ከአፌ የነጠቀችኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን ለሚሰናበተኝ ተማሪ ሁሉ እንደማደርገው እጄን ጭንቅላቷ ላይ አደረግኩና፣ «አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አልኳት። እኔ! ይቅር ባይ ሆንኩ!

ወጥታ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠች። ሞተሩ ሲነሣ ነው የነቃሁት። በዚህ ጉልበት ሮጬ መስኮቷን መታሁት። ከፈተችው።

«አቤት ቲቸር?»

ልጆቹ ሁሉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ፤ ቀልድ የሚጠብቁ ነበሩ።

«እያንዳንዱን እንደሠራሽ… እዚያው ንኪው» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለች። አውቶቡሱ ሄደ።

ማለፏን የነገረኝ የሒሳቡ መምህር ነው። ደውላ የነገረችው ለእሱ ነበር።