ግራዋዬን የጨረሱት ሚኒባሶች

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ የምንኖረው ሰበታ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጥተን ጅማ መንገድ ዳር ቤት ከሠራን ዓመታት ሆኖናል። አጥራችን ጥግ ላይ አንድ ግራዋ ነበረኝ፤ ቅርንጫፉ አጥሩን አልፎ ወደ አስፋልቱ ያዘነብላል።

ባለቤቴ ስኳር አለብህ ተብሎ ኪኒን ታዞለት፣ በየጠዋቱ ይውጣል። ግራዋ ስኳር ያወርዳል ሲባል ስለሰማሁ፣ እኔ ደግሞ ቅጠሉን ወቅጬ፣ በውኃ አሽቼና አጥልዬ በባዶ ሆዱ አንድ ብርጭቆ እሰጠው ጀመር። አረንጓዴ አረፋ አለው። ምሬቱ እስከ ምሳ ሰዓት ከምላስ አይለቅም፤ ጥሩ መሆኑን ያወቅሁትም በዚሁ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ባለቤቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረፋዱ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ቀን ጫማውን እጁ ላይ ሊያጠልቅ ሲታገል አገኘሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልወጣ ነዋ።»

«በእጅህ?»

አየኝና አሰበበት። «አንዱን እግሬ ላይ አደርገዋለሁ» አለኝ።

ያን ሰሞን ተኩስ ይሰማ ነበር፤ በሰፈራችን ልጃቸው ሞቶባቸው ለቅሶ የተቀመጡም ነበሩ። ስለዚህ የእሱን ነገር ከድንጋጤ ነው አልሁና ግራዋውን ሁለት ብርጭቆ አደረግሁት። ባሰበት። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች መግባት ስላልቻሉ በሩ ተቆልፏል። በዚህ ከቀጠለ ብዙ እንደማይቆይ ይታየኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ከዚያ መንገዱ ቅጠል ለሰቀለ መኪና ብቻ ክፍት ሆነ። ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች ቅጠል የያዘውን ከእኛ ጋር ነው ብለው ያሳልፉታል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በሬን አንኳኳ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ?»

«መድኃኒት ነው፤ አይቆረጥም።»

«ለእኔም መድኃኒት ነው እኮ! ያለሱ በድንጋይ ነው የሚያክሙኝ።»

አንድ ሰጠሁት። ችግሩ፣ ከወጣቶቹ ወረድ ብሎ ወታደሮች ነበሩ። እነሱ ደግሞ ቅጠል የሰቀለውን ሹፌር ያስወርዱታል። ስለዚህ ሹፌሩ ወጣቶቹን እንዳለፈ ቅጠሉን ይጥላል፤ ሲመለስ አዲስ ይፈልጋል። ወሬው ተዳረሰና በማግስቱ ከዓለም ገና የመጣ ሚኒባስ ሳይቀር ደጄ ቆመ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከድንጋዩ ዘንድ አንድ ወጣት መጣ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ» ብሎ እንዴት አደሩ አለኝ በትሕትና። «ይሄ ኤቢቻ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ከሩቅ ሲታይ ቅጠል መሆኑም አይለይ። ባሕር ዛፍ የለዎትም?»

ኤቢቻ ያለው ግራዋዬን ነው፤ በኦሮምኛ። ባሕር ዛፍ እንደሌለኝ ነገርሁት።

«እንግዲያው የቀረውን ቆጥቡልን» ብሎኝ ሄደ።

የሚቆጠብ አልቀረም። በአምስተኛው ቀን ከግንዱ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ጎረቤት ዞርሁ፤ ያላቸውም ተመልምሎባቸዋል። እንግዲህ ባሌን ጨረሱት ብዬ አንድ ጥግ ተቀመጥሁ።

ግራዋው በተቋረጠ በሁለተኛው ቀን ላቡ ቆመ። በሦስተኛው ቀን የአጥሩን ቆርቆሮ ጠገነ፣ ሬዲዮውን ሰደበ፣ ጫማውንም ሁለት እግሩ ላይ አደረገ። ከደቡብ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራው ተከራያችን በመስኮት አይታው «እማማ፣ ሦስት ቀን ጾሜለታለሁ፤ ጌታ ሰማኝ!» አለች። እኔ ግን በሆዴ፣ ሲጠጣው የከረመው ግራዋ ተጠራቅሞ አሁን ሠራ አልሁ። ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ሦስት ብርጭቆ ላደርገው ቆርጬ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሲከፈት ይዤው ሄድሁ። የሰነበተበትን ላብና መንቀጥቀጥ ተረኛ ለነበረው ነርስ ነገርሁት። ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካና ጠየቀው።

«ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለ ባለቤቴ።

መዋሸቱ አልነበረም። በፊትም በተጠየቅን ቁጥር መልሳችን ይኸው ነው። ከሹፌር ጋር መድኃኒት ነው ብዬ የተሟገትሁት እኔ ራሴ፣ ነርስ ፊት ስቀመጥ ግራዋው ተራ ቅጠል ሆነብኝ።

«መንቀጥቀጡ መቼ ተወዎት?»

ቀኑን እኔ ተናገርሁ። ስናገረው፣ ግራዋው ካለቀ በኋላ መሆኑ ገባኝ።

«ግራዋ አጠጣው ነበር» አልሁ። «በቀን ሁለት ብርጭቆ።»

ነርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ኪኒኑም ስኳር ያወርዳል፣ ግራዋውም ያወርዳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ ነው። ትንሽ ቢገፋ ኖሮ ራሳቸውን ስተው ይቀሩ ነበር።»

ከዚያ ስንወጣ ክንዱን ያዝሁት። ይቅርታ ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም።

«ልገድልህ ነበር» አልሁት።

«ግማሹን እደፋው ነበር» አለኝ።

ቆምሁ። «ምን አልህ?»

«ዘወር ስትዪ እደፋዋለሁ። ይመርራል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ሁለት ካደረግሽው ወዲህማ አንዱን ሙሉውን።»

ያን ሁሉ ጠዋት ስወቅጥ የከረምሁትን አስቤ ተናደድሁ። የደፋውን ጠጥቶት ቢሆን ኖሮ ግን አጠገቤ እንደማይሄድ ስለገባኝ ቤት እስክንደርስ ክንዱን አልለቀቅሁም።