በብርማው አጥር ውስጥ የቀረው ጉቶ

አጎቴ የሆስፒታል አትክልተኛ ነበር። የቀብሩ ዕለት ሰው ሲያነሳለት የዋለው ዝናውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና ጎደሎ ታሪክ አያስተኛኝም። የሚከተለውን የነገረችኝ ባለቤቱ ናት፤ የሆስፒታሉን ዘበኛም ጠይቄ አመሳክሬያለሁ።

ከሆስፒታሉ በር እስከ ሴቶች ክፍል መስኮት ድረስ ያለውን አጥር የተከለው እሱ ነው። ተክሉ ከሱፍ አበባ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፈው ቅጠሉ ብር የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አበባው ቢጫ ነው። ከአንዲት እናት ተክል ለጋ ቅርንጫፍ እየቆረጠ፣ የታችኛውን ቅጠል እየመለመለ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ እየሻጠ አበዛው። ሰው ሁሉ «የቅጠል ሐኪም» ይለዋል፤ ስሙን ይወደው ነበር። ቅርንጫፍ የሚለምነውን ሁሉ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፦ «ስትከረክመው ቅጠል ካለበት በታች እንዳትወርድ። ራቁቱን የቀረ እንጨት አያቆጠቁጥም።»

አንድ ጠዋት ዘበኛው ከአጥሩ ማዶ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ጫካህ እኮ በሩን ጋረደኝ። አንገቴ እንደ ሰጎን ሊረዝም ነው!»

«ለአጭር ሰው ሁሉ አጥር ላሳጥር እንዴ?»

«ወገብህ እምቢ ብሎህ ነው እንጂ! ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ድሮ ቀረ በል።»

ተረኛ ነርሶች ሳቁ። የአጎቴ ደም ፈላ። መቀሱን ወርውሮ መጋዝ አመጣና ሰው እያየው አጥሩን እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆርጦ ጨረሰው። ዘበኛው «ኧረ በቃ!» ቢለውም አልሰማም። የቀረው ቅጠል አልባ ግንድ ብቻ ነበር።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ አንዲት ቡቃያ አልወጣችም። ዋና ነርሷ ባለፈች ቁጥር ትጠይቀዋለች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያቆጠቁጠው?»

«ይመጣል ሲስተር፤ እያረፈ ነው።»

ይህን በተናገረ ቀን ቤቱ ሲገባ እራት አይበላም ነበር። አዲስ ልትከል ቢል ማን ይከለክለዋል? ግን «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ገድዬው» ነው። ይህን ከአፉ ማውጣት አቃተው።

ስለዚህ ማታለል ጀመረ። እናቲቱ ተክል ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ከእሷ እየቆረጠ በየጉቶው ጥግ ይሽጣል፤ ለአላፊ አግዳሚ ከጉቶው የወጡ ይመስላሉ። የጠወለገውን ነቅሎ በሌላ ይተካል። ሰው ሲመጣ መሬት የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያጎነብሳል። ቀስ በቀስ ሥር ሰደዱ፤ በዓመቱ አጥሩ አበበ።

ዋና ነርሷ ሠራተኛውን በአጥሩ ፊት ሰበሰበች።

«ሞቶ የተነሳ አጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሼ፣ እስቲ እንዴት እንዳዳኑት ይንገሩን።»

«አልዳነም» አለ አጎቴ። «ገድዬዋለሁ።»

«አይ ጋሼ! ትሕትናዎ ደግሞ በዛ!»

«ተዉት» አለ ዘበኛው፣ «ሐኪም አዳንኩ ብሎ አይመጻደቅም!»

ሳቁ ደመቀ። እዚያው ላይ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ባለቤቱ እንዳለችኝ፣ ዝም ለማለት ከጅሎትም ነበር። ከዚያ አንዲት ታማሚ በመስኮት ሆና አጨበጨበችለት። ያን ጊዜ ተንበረከከ። እጁን በለመለሙት ቅጠሎች መሃል ሰዶ አንዱን ጉቶ ያዘ። አልታገለውም፤ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ወለቅ አለ።

«ይኸው በሽተኛዬ» አለ ከፍ አድርጎ ይዞ። «እነዚህ ሌሎች ናቸው። እናንተን ለማታለል ተደብቄ የሻጥኳቸው።»

ነርሷ መሬት መሬት አየች። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ያሽ ጀመር።

«ነገር የፈለግኩህ እኔ ነኝ» አለው።

«አንተ አፍህን ነው የከፈትከው። መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ከሥራው ያባረረው የለም፤ የወቀሰውም የለም። ከዚያ ወዲህ ግን «የቅጠል ሐኪም» ብሎ የሚጠራውን ሰው ቀና ብሎ አያይም ነበር። ጉቶውን ቤት ይዞት ገባ፤ ባለቤቱ ማገዶ ላድርገው ብትል ከለከላት።

ትናንት የአጎቴን ክፍል ስናጸዳ ጉቶውን ከበሩ ጀርባ ቆሞ አገኘሁት። በእኛ በመዝገብ ጠባቂዎች ሥራ ስህተት አይፋቅም፤ መስመር ይሰመርበትና እንዲነበብ ይተዋል። አቧራውን ጠርጌ እቦታው መለስኩት።