የዞረው ካርታና የጋሽ አደሎ ቀፎ

ይቺን ስሟት፤ ጊዜያችሁን አታባክንም። እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ በራሴ የተማርኩ ልጅ ነኝ። ቦንጋ ከተማ አጠገብ ላሉ የማንኪራ ንብ አናቢዎች ጫካ ውስጥ ያሉ ቀፎዎቻቸውን የሚያሳይ የኮምፒውተር ካርታ ሠራሁላቸው። እያንዳንዱ ሰው ቀፎው ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ቆሞ ነው ያስመዘገበው። ኋላ "ከመንገዱ ስንገባ እንደምናየው አድርገው" ስላሉኝ ምስሉን አዞርኩት።

ፕሮግራሙን ለመቀበል ወይም ለመመለስ ቦንጋ ተሰበሰቡ። ከአናቢዎቹ አንዱ ጋሽ አደሎ ካርታው ላይ ጅረቱ ዳር ያለውን ዛፍ ጠቅ አደረጉ።

"ዘንድሮ ማር የቆረጥኩበት ቀፎዬ ይኸው!"

ኮምፒውተሩ ግን "እዚህ ቀፎ የለም" አለ። ሁሉም ሳቁብኝ።

እኔ ግን ማስረዳቴን አልተውኩም። "ምስሉ ዞሯል፣ ጠቅ ያደረጉበት ነጥብ ግን አልዞረም። ነጥቡን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ማዞር አለብኝ" አልኩና እዚያው አስተካከልኩት።

ጋሽ አደሎ ያንኑ ዛፍ ደግመው ጠቅ አደረጉ። "የጋሽ ወልዴ ቀፎ" የሚል ወጣ።

"አሁንም ተሳስቷል፣ አስተካክለው እንጂ ልጄ!"

ከኋላ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ። "እንዳትነካው! ማሬን ማን እንደቆረጠው ስፈልግ ነው የከረምኩት። ፕሮግራሙን ተቀብለናል!"

እናንተም ካርታ አዙራችሁ ሞክሩት፤ ብቻ ማር የጠፋበት ሰው መጥራት እንዳትረሱ።